መድኃኒት የላክህለት አፈር

ሱሉልታ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

የጂጂ አባት፣

«ውድ» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ንዴቴ መጥቶ ተውኩት። «ለአቶ ዲሪባ» ብል ደግሞ የቀበሌ መጥሪያ ይመስላል። የልጄ አባት መሆንህን ማንም አይክደውምና ለጊዜው በዚህ ተስማማ። ጤንነትህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው። የኖራ ፋብሪካው ብናኝ ያንን ሳልህን አላባሰብህም? አፍህን የምትሸፍንበትን ጨርቅ እንደማታስረው አውቃለሁ፤ እሰር። እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናትህ ጉልበታቸውን ብርድ ሲነካው ያማቸዋል እንጂ ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ከዚህ በታች ያለው ግን ሁሉ ክስ ነው፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ኖራህ ደርሷል። የደረሰው በግንቦት ነው። ክረምቱን ሙሉ በደወልክ ቁጥር ስልኩን ለጂጂ ሰጥቼ ወደ ላሞቹ የሄድኩት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በስልክ ካወራሁህ መጀመሪያ እጮሃለሁ፤ ከዚያ አንተ አንዱን የማይረባ ቀልድህን ታመጣና ታስቀኛለህ። ከሳቅኩ ደግሞ ንዴቴ ይጠፋል። ይህ ንዴት እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ይገባኛል። ወረቀት ላይ ግን ልታስቀኝ አትችልም፤ እኔ ብቻዬን ነኝ የማወራው።

አሁን የምታውቀውን ነገር እንደማታውቅ አድርጌ ልነግርህ ነው፤ ምክንያቱም ብታውቀው ኖሮ ያን መኪና አትጭንም ነበር።

አልፋልፋ ለላም ምን ዓይነት መኖ እንደሆነ ከሰበታ እስከ ቡራዩ ወተት የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይነግርሃል። ይመኙታል፤ ዘሩን እየገዙ ይዘሩታል፤ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ጣት ሳያህል ይቀራል። ዘሩ ተበላሽቷል ብለው ሻጩን ይረግማሉ። የተበላሸው ግን አፈሩ ነው። አፈር ሲኮመጥጥ ውስጡ ተኝቶ የኖረው አሉሚኒየም ይሟሟል፤ የሟሟው አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ያኮላሸዋል። ሥር የሌለው ተክል ደግሞ ዝናብ እየዘነበበት በውሃ ጥም ይሞታል። ይህንን መጀመሪያ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

የእኔ ሥራ በዚያ ክፉ አፈር ላይ ብዙ ዘር መዝራት ነው። አብዛኛው ይሞታል። የተረፉትን ጥቂቶች ዘራቸውን እለቅምና መልሼ እዚያው ክፉ አፈር ላይ እዘራዋለሁ። እንደገና ይሞታል፤ የሚሞተው ግን ካለፈው ያንሳል። እንዲህ እያልኩ፣ ዓመት እየጠበቅኩ፣ መርዙ የማይጥለው ዘር እስካገኝ እቀጥላለሁ። አፈሩ ፈታኜ ነው። አፈሩ ደግ ከሆነ ብርቱውን ከደካማው የሚለይልኝ የለም።

ይህን አፈር ለማግኘት ስንት እንደተንከራተትኩ ታስታውሳለህ። የምርምር ማዕከላችን ማሳ ገና እኔ ሳልቀጠር ኖራ ጠጥቶ ኮምጣጣነቱ የጠፋ ነው፤ ለሥራዬ አይሆንም። ለመጥፎነቱ ብሎ መሬት የሚፈልግ ሰው አይተው ስለማያውቁ ደላሎቹ እንኳ ሳቁብኝ። በመጨረሻ እናትህ ባሕር ዛፉ የተነሳበትን ዳገት አሳዩኝ፤ ገብስ እንኳ ቢጫ ሆኖ የሚቀርበትን። «ይኼንን? ይኼ እኮ አህያም ተንከባሎበት አያውቅም» አሉኝ። አፈሩን ወስደን ስንለካው አንተና እኔ ከደስታ ብዛት ተቃቅፈን ነበር። ያን ቀን ከተቃቀፍን ወዲህ የተቃቀፍንበት ቀን ብዙ አይደለም፤ እሱን ሌላ ጊዜ እከስሃለሁ።

እንግዲህ በፋሲካ ማግስት ደወልክ። «አፈርሽስ እንዴት ነው?» አልከኝ። «እግዜር ይመስገን፣ እንደታመመ ነው» አልኩህ። «አይዞሽ» አልከኝ።

ያንን «አይዞሽ» መጠርጠር ነበረብኝ። ዲሪባ፣ ታሟል ያልኩህ እኮ ደስ ብሎኝ ነው! የማሳ ዝግጅቴ አልቆ፣ ለመጨረሻው ዙር የሚሆኑት ችግኞች ጥላ ሥር ቆመው፣ ዝናብ ብቻ ነበር የምጠብቀው። ሰው «ጎተራዬ ሞልቷል» እንደሚልህ ነው የነገርኩህ። አንተ ግን «ታሟል» የሚለውን ብቻ ሰማህ። ከ«እግዜር ይመስገን» ጋር የተባለ በሽታ ምን ዓይነት በሽታ ነው ብለህ አትጠይቅም?

መኪናህ የመጣ ሳምንት እኔ ሰበታ ላቦራቶሪ ነበርኩ። የለጋዎቹን ችግኞች ሥር ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ አሳድሬ በቀለም አጥባለሁ፤ አሉሚኒየም የገባበት ሥር ሐምራዊ ይሆናል፣ ያልገባበት ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያን ሳምንት ነጭ ሥር ከወትሮው በዝቶልኝ ነበር። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ደስታዬን የምነግረው ሰው አስቤ መጀመሪያ የመጣህልኝ አንተ ነበርክ፤ ይህንን እንድታውቀው እፈልጋለሁ፤ እንዲቆጭህ።

ለካስ በዚያው ሰሞን ሾፌርህ ወንዲ ከደጀን ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ ቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ «ዲሪባ ለየሺ የአፈሯን መድኃኒት ልኳል» ብሎ አራግፏል። መድኃኒት! ይህ ቃል በዚህ ሰፈር ምን እንደሚያደርግ አንተ አታውቅም? አጎትህ ኦቦ ደገፋ ሰምተው ዝም ይላሉ? በነጋታው የጂጊ ደቦ ጠሩ። ሰው ሁሉ በሬውን ነድቶ፣ አካፋውን ይዞ፣ ከነልጆቹ መጣ። እናትህ ጠላ ጠመቁ። ለደቦ ያልተጠራ እንኳ የየሺን አፈር ሊያክም መጣ።

ከሰበታ ስመለስ ከሚኒባስ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ዘፈን ሰማሁ። ሰርግ ያለ መስሎኝ የማን ይሆን እያልኩ ነበር። ከአጥሩ ስደርስ ምድሩ ሁሉ ነጭ ነው። በሬዎቹ ነጭ፣ ሞፈሩ ነጭ፣ የልጆቹ ጸጉርና ሽፋሽፍት ነጭ፤ ጂጂ ከዓይኗ በቀር የሚታይ የላትም። የአጎትህ ጢም ድሮም ነጭ ነው። ኖራው ተበትኖ፣ ታርሶ፣ ከአፈሩ ጋር ተደባልቆ አልቋል። ሁለተኛ የሚለየው የለም።

«ኢንተላ ኮ፣ ባጋ ነጋን ዱፍቴ!» አሉ ኦቦ ደገፋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «ልጄ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ! አየሽ? ሚስቱን ረሳ እያልን ስናማው የኖርነው ልጅ መድኃኒት ላከ! በይ እንግዲህ አፈርሽ ዳነ፣ አንቺም እረፊ።»

እናትህ ደግሞ «ልቡ አልሄደም ብዬሽ አልነበር?» ብለው አቀፉኝ። የእሳቸው ኖራ ቀሚሴ ላይ ቀረ።

ምን ልበላቸው? ሰው ሁሉ የራሱን እርሻ ትቶ፣ አንድ ቀን ሙሉ በነፃ፣ ሳል እያሳለው የሠራልኝን ሥራ «ገደላችሁኝ» እላለሁ? «ገላቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ጠላ ቀዳሁላቸው። ከዚያ ድርቆሹ ክምር ጀርባ ሄጄ ነጠላዬን ነከስኩ። ጂጂ ተከትላኝ መጥታ «እማዬ፣ ደስ ብሎሽ ነው የምታለቅሺው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ለልጄ ያስዋሸኸኝ አንተ ነህ።

በእነሱ ላይ አልተቆጣሁም። አጎትህ አፈር ሲታመም ማከም እንጂ በበሽታው መጠቀም የሚባል ነገር አያውቁም፤ ማንስ ያውቃል? እናትህም አያውቁም። አንተ ግን የአፈር ሰው ነህ! ከእኔ ጋር ጉድጓድ እየቆፈርክ፣ አፈር እየለካህ፣ ያን ዳገት ከእኔ እኩል የመረጥከው አንተ ነህ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ «የሺ፣ ኖራ ልላክልሽ ወይ?» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? አልጠየቅከኝም። ከቤት ስትወጣም አልጠየቅከኝም፤ ደጀን ሥራ አገኘሁ ብለህ ነገርከኝ እንጂ። አንተ የምትሰጠው ሳትጠይቅ ነው፤ የምትሄደውም ሳትጠይቅ ነው። ሰው ደግሞ ለስጦታ ይመርቅሃል፤ እኔ ብከፋ ምስጋና ቢስ ነኝ።

የድሮው ክርክራችን መሆኑ አልጠፋኝም። «አፈሩን ማከም እያለ ተክሉን ለምን ታሰቃያለሽ?» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ኖራው ለማን ይደርሳል እልህ ነበር። ይህችን ለምታህል ዳገት አንድ ትልቅ መኪና ሙሉ አስፈለገ፤ ለዚያውም የፋብሪካው ሰው ሚስት ስለሆንኩ። ተፍኪና ተጂ ያለው ገበሬ ማንን ያግባ? ጥቂት ዓመት ቆይቶ አፈሩ ተመልሶ ሲኮመጥጥስ? ደግሞስ ኖራህ የሚደርሰው ማረሻ እስከደረሰበት ነው፤ የአልፋልፋ ሥር ከዚያ በታች ሰው ቁመት ይወርዳል፤ እዚያ መርዙ እንዳለ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አሁን ገባኝ፤ በአፍህ መርታት ቢያቅትህ ክርክሩን በመኪና ጭነህ ላክኸው።

ጂጂ ለመምህሯ ምን ብላ እንደነገረቻቸው ታውቃለህ? «አባቴ አፈር ያክማል፣ እናቴ አፈር እንዳይድን ትጠብቃለች።» ትምህርት ቤት ተጠርቼ ሳስረዳ ዋልኩ። መምህሯ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ እንጂ የገባቸው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ ተረፈ። የእናትህ ቀፎዎች ያሉበት ጥግ። ያን ቀን ሰዎቹ እዚያ ሲደርሱ እናትህ ዱላቸውን ይዘው ወጥተው «እዚህ ጋ አታቡንኑ! ንቦቼን ልታሳውሩ ነው?» ብለው አባረሯቸው። ስለ ሥራዬ አስበው አይደለም፤ ስለ ማራቸው ነው። ግን ከአጥሩ እስከ ቀፎው ያለች ቀጭን መሬት ኖራ ሳይነካት እንደታመመች ቀረች። ብድግ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ነበር፤ ምን ሆነች እንዳይሉ ተውኩት።

ዝናቡ ጣለ። ችግኞቹ አይጠብቁኝም፤ ሌላ መሬት የለኝም። ያከምከው ላይም፣ የተረፈችው ጥግ ላይም ተከልኳቸው።

ያከምከው መሬት ላይ የሆነውን ልንገርህ፤ ደስ ይበልህ። አማረ። በጣም አማረ። በመስከረም ጉልበት ደረሰ፤ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ብርቱውም አማረ፣ ደካማውም አማረ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥሩ ሐምራዊ ሆኖ የወጣው ሁሉ እኩል አረንጓዴ ሆነ። ቀፎው ጥግ ግን አብዛኛው ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ፤ ሞተ። በሞቱት መሃል ግን የቆሙ ነበሩ። ትልልቅ አይደሉም። አረንጓዴ ናቸው። አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ለማንም ሳልናገር መልሼ አፈር አለበስኩት።

ባለፈው ሳምንት ዘር የሚያጸድቀው ኮሚቴ መጣ። ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ቀን እንደሆነ አንተው ታውቀዋለህ። እነሱ ካላዩልኝ ዘሩ ለገበሬ አይደርስም፤ ሥራውም በዚያው ይቀራል። ሰብሳቢው ዶክተር ሲላስ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ገና ከሩቅ «ድንቅ ነው!» አሉ። ወርደው መሃል ማሳው ገቡ። ፎቶ ተነሡ። እኔ ወደ ጥጉ ልወስዳቸው እየጎተትኩ፣ «ዶክተር፣ ይህ ኖራ የነካው ነው፣ የእኔ ሥራ ያ ነው፣ እዚያ ጋ» እላለሁ። ዞር ብለው አዩና «እዚያ እኮ ንብ አለ» አሉ። ንብ አለ! አንዱም አልጠጋም አለ። የማሳዬን ጥግ ከኖራ ያዳኑልኝ ንቦች ከኮሚቴም አዳኑብኝ።

ከዚያ ንግግር ተደረገ። ስለ ኖራ። ባለሙያው ባል ከሩቅ ሆኖ ለአካባቢው ስላደረገው አስተዋጽኦ። ኦቦ ደገፋ አጨበጨቡ፣ ሰፈሩ አጨበጨበ። ለአቶ ዲሪባ የምስክር ወረቀት ተዘጋጅቷልና ባለቤቱ ትቀበልልን ተባለ። ተቀበልኩልህ። በእጄ! ካሜራው ፊት እጄን ጨበጡኝ። እናትህ ወረቀቱን ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቅለውታል፤ ጠዋት ጠዋት እያየሁት ቁርሴን እበላለሁ።

ሰው ሊበተን ሲል አልቻልኩም። «ዶክተር!» አልኩ፤ ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «እናንተ የምታጨበጭቡት መልሱ ተሰጥቶት ፈተና ላለፈ ተማሪ ነው! ያለ መልስ የተፈተኑት እዚያ ቆመዋል፤ ንብ ፈርታችሁ አላያችኋቸውም!»

ኦቦ ደገፋ «ምን ነካት?» ብለው እናትህን ሲጠይቁ ይሰማኛል። ዶክተር ሲላስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ቀስ ብለው «ወይዘሮ የሺወርቅ፣ በአንድ ጥግ ማጽደቅ አንችልም። ኖራ ያልነካው ሌላ መሬት ፈልጊ። የጥጉን ዘር በሚመጣው ክረምት እዚያ አሳዪን። ካልሆነ ግን ሥራውን መዝጋት ይኖርብናል» አሉኝ። ያገኘሁት ይኸው ነው። አንድ ክረምት።

ከሄዱ በኋላ ማሳውን ዞሬ ሳየው ያከምከው አልፋልፋ እምቡጥ ይዟል። ጥጉም ይዟል። ንብ አበባ አትመርጥም፤ ከደካማው አበባ ብናኝ ጭና ብርቱው ላይ ታራግፋለች። ካበበ የጥጉ ዘር ከዚያ ከሚያምረው ግን ምንም ከማይችለው ጋር ይዳቀላል፤ ስንት ዓመት ያጠራሁት በአንድ ሰሞን ይደፈርሳል። ስለዚህ በማግስቱ ማጭድ ይዤ ገባሁና ያን ያማረ ማሳ ማጨድ ጀመርኩ።

ኦቦ ደገፋ አጥሩን ዘለው ነው የመጡት፤ በዚያ ዕድሜያቸው። «ሴትዮ፣ አበድሽ? እኛ በላብ ያዳነውን? ባልሽ የላከውን?» አሉኝ። ቀና ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ንብ፣ አበባ፣ ሥር፣ መርዝ እያልኩ። የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዲሪባን ስጦታ እያጠፋሁ መሆኔ። «በባልሽ ተቀይመሽ ቂምሽን በሣሩ ላይ ትወጪያለሽ?» አሉ። እሱም ውሸት ነው ማለት ስላልቻልኩ ማጨዴን ቀጠልኩ።

እናትህ መጡ። ማጭድ ይዘዋል። ከጎኔ ጎንበስ ብለው ማጨድ ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ለኦቦ ደገፋ፣ «ምን ቆመህ ታያለህ? ሣር እኮ ነው። ያንተም ላም ትብላው» አሏቸው። አጎትህ ካጉረመረሙ በኋላ የሚጫን አህያቸውን አመጡ። እርጥቡን ለላም እንዳይሰጡ፣ እንደሚነፋት ነግሬያቸው በየቤታቸው አደረቁት። በግንቦት ለማከም የመጣው ሰው ሁሉ በኅዳር ለመሸከም መጣ። አሁን ሱሉልታ ውስጥ ስንት ላም የአንተን ኖራ እያመነዠከች ነው፤ ቢያንስ ወተቱ ይብዛ።

ያን ዕለት ከመጡት ሴቶች አንዷ፣ «የሺ እኮ ቻይ ናት። ባል ርቆ፣ ከአማት ጋር፣ ይህን ሁሉ» ስትል ሰማኋት። ለሙገሳ ነው ያለችው። ሁሉም እንዲህ ይሉኛል። ዲሪባ፣ ቻይ ዘር ምን እንደሚመስል በዚህ አገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ቻይ ማለት መርዙን ዋጥ አድርጎ ዝም የሚል አይደለም። ዋጥ የሚያደርገውማ መጀመሪያ ነው የሚሞተው። ቻዩ ከሥሩ ጫፍ የሆነ ነገር እያወጣ መርዙን በር ላይ ያስቀረዋል፤ ወደ ውስጥ አያስገባውም። ይህ ደብዳቤ እሱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሥሬ ጫፍ ላይ የቆመውን ወደ ውስጥ ከማስገባው ላንተ መልሼልሃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ።

መናገሻን ታስታውሳለህ፤ ከጫካው በታች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሳምንቴ፣ ጫማዬ አዲስ። ከባልደረቦችህ ጋር አፈር ስትቆፍሩ ደርሼ «ኮምጣጣ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ብዬ ጠየቅኩ። አንተ ፊትህን ሳትቀይር «ቅመሺው» አልከኝ። ቀመስኩት። «አይኮመጥጥም» አልኩ። ያ ሁሉ ሰው መሬት ላይ እስኪወድቅ ሳቀብኝ። ከዚያ አንተ መሳቅህን አቆምክ። ፊቴን አየህና ጎንበስ ብለህ፣ ቆንጥረህ፣ አንተም አፍህ ውስጥ ጨመርክ። «እውነቷን ነው፤ አይኮመጥጥም» አልካቸው። ጥርስህ ቀይ ሆኖ ነበር።

እኔ ያገባሁት ያን ሰው ነው። ያ ሰው አፈሩን አላከመልኝም፤ አብሮኝ ቀመሰው። የናፈቀኝ እሱ ነው። ይኸው ተናገርኩት።

ያ መሬት ገብስም ባሕር ዛፍም የማይወጣለት እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጠፍቶኛል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ፈለግኩት፤ መንገዱ ተቀይሯል፣ ቤት በቤት ሆኗል። ከየትኛው ጅረት ወዲህ እንደቆፈርን የምታውቀው አንተ ነህ። እስካሁን ኖራም አጥርም ካልነካው ለሚመጣው ክረምት ይበቃኛል። ዘሩን በጥር እለቅማለሁ። ስለዚህ እረፍት ጠይቀህ ና። ና የምልህ ለመሬቱ ነው። ለመሬቱ ብቻ ነው ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ግን ዘንድሮ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ለጂጂ፣ ለእናትህ፣ ለሰፈሩ፤ ላንተ አልጨምርም።

የሚካኤል ዕለት ስምህን ጠርቼ ሻማ አበራልሃለሁ። ከአባይ ቁልቁለት ክፉ ይሰውርህ፤ ደረትህን ይጠብቅልህ፤ በደህና ያግባህ። እናትህ እንደምጠራህ ሰምተው ምን ይዘህ እንደምትመጣ ከአሁኑ ለጎረቤት እያወሩ ነው። ጂጂ ጫማ ትፈልጋለች። እኔ ግን ካገባን ጀምሮ ለማንም እንግዳ ብዬው የማላውቀውን ልበልህ፤ ባዶ እጅህን ና።

ክሷን ያላነሳችው፣
ሚስትህ
የሺወርቅ